የሚስማማዎትን ሽቶ በጅማ መምረጥ፦ ከገላ ሳሙናው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ሽቶ የሚገዛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ደስ ይለዋል፣ ይከፍላል። ሳምንት ሳይሞላ ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ላይ ተረስቶ ይቀራል፤ ወይ ራስ ያሳምማል፣ ወይ ረፋድ ሳይደርስ ጠፍቶ ያልቃል፣ ወይ ጓደኛ ላይ የወደዱት መዓዛ በራስ ገላ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሸተው አልኮሉና ቶሎ የሚተነው ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውለው ክፍል በዚያ ሰዓት ገና አልተገለጠም። ስለዚህ ሽቶ ሱቅ ውስጥ ይታጫል እንጂ አይመረጥም። የሚመረጠው በራስ ገላ ላይ፣ በጅማ አየር፣ ሙሉ ቀን ውሎ ነው። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ፤ በተለይ የመጀመሪያውን አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

- ሽታ የሌለው ወይም በጣም ቀላል ሽታ ያለው የገላ ሳሙና
- ሽታ የሌለው ሎሽን፤ ካልተገኘ ሽታ ያልተጨመረበት ቫዝሊን
- ያልታተመበት ነጭ ወረቀት፣ በጣት ስፋት የተቆረጠ
- እስክሪብቶና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር
- ቢያንስ አንድ ሳምንት ጊዜ

ነገ ለሚደረግ ሠርግ ዛሬ አዲስ ሽቶ መምረጥ አይቻልም። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ካለብዎት የለመዱትን ይጠቀሙና ይህን ለሌላ ሳምንት ያቆዩት።

## ደረጃ 1፦ ገላዎንና ልብስዎን ከሌላ ሽታ ያጽዱ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጽጌረዳ የሚሸት ሳሙና፣ ኮኮናት የሚሸት ሎሽን፣ ሌላ ሽታ ያለው ዲኦዶራንትና ለጠጉር የተቀባ ቅቤ ባሉበት ገላ ላይ ሽቶ ሲረጩ የሚሸቱት የአምስት ነገሮችን ድብልቅ ነው። ከሙከራው በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት እንዲህ ያድርጉ።

1. ሽታ በሌለው ወይም ቀላል ሽታ ባለው ሳሙና ብቻ ይታጠቡ። ሽታ ያለውን ሎሽንና ቦዲ ስፕሬይ ያቁሙ።
2. ጠጉርዎን በአደስ የተነጠረ ቅቤ ተቀብተው ከሆነ እስኪታጠቡት ድረስ ሽቶ አይሞክሩ። ቅቤ መዓዛውን ለቀናት ይይዛል፣ አንገት ላይ የተረጨውንም ይውጠዋል።
3. አብሽ ከጠጡ ወይም ወጥዎ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ከሆነ አንድ ቀን ይጠብቁ። የአብሽ ሽታ በላብ ይወጣል፤ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣፋጭ ጠረን ሰጥቶ ሽቶውን ያስታል።
4. ወይባ ጢስ ከሞቁ የጢሱ ሽታ ከገላዎ እስኪጠፋ ብዙ ቀን ይስጡት።
5. ለሙከራው ቀን በደንብ የደረቀ ልብስ ይምረጡ።

የመጨረሻውን ነጥብ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት ከተማ ነው። በክረምት የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የእርጥበት ሽታ ይይዛል። ባለቤቱ ለምዶት አይሰማውም፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ግን ይሰማዋል። በዚህ ላይ የተረጨ ሽቶ፣ ውድም ቢሆን፣ ይበላሻል።

ልብሱ የሻገተ ሽታ ከያዘ፦ ሽቶ በመደረብ አይሸፍኑት። በሙቅ ውሃ እንደገና ይጠቡት፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ ይጨምሩ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አራርቀው ያስጡት። የኮምጣጤው ሽታ ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል።

## ደረጃ 2፦ የሚወዱትን በሚያውቁት ሽታ ይጻፉ

ሱቅ ገብተው «ጥሩ ሽቶ አለ?» ካሉ ባለሱቁ የሚያወጣልዎት መሸጥ የሚፈልገውን ነው። ከመሄድዎ በፊት ከልጅነት ጀምሮ የሚወዷቸውን ሦስት ሽታዎችና የሚጠሏቸውን ሁለት ይጻፉ። ከቤት የሚያውቋቸው ሽታዎች ሽቶ ውስጥም አሉ።

እጣን፣ ከርቤና ሰንደል የሚወዱ ከሆነ እንጨትና ሙጫ የበዛባቸውን፣ ኡድ (መዓዛማ የእንጨት ሙጫ) ያለባቸውንም ይጠይቁ። እነዚህ ከባድና ቆይታቸው ረጅም ነው።

ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ የሚወዱ ከሆነ የሎሚ ዘር የሆኑትን ይጠይቁ። ለከሰዓት ሙቀት የሚመቹ እነዚህ ናቸው፤ ግን ቶሎ ይጠፋሉ። ይህ የጥራት ጉድለት አይደለም፣ የሎሚ ዘይት ተፈጥሮው ነው።

ጠጅ ሳርና አሪቲ ለሚወዱ ቅጠላ ቅጠል የሚሸቱ፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ ለሚወዱ ቅመም ያለባቸው ይስማማሉ። ጽጌረዳና ጃስሚን የአበባው ወገን ናቸው። ቫኒላና ካራሜል ጣፋጩ ወገን ናቸው፤ በጅማ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሞቆ እርጥበት ሲኖረው እጅግ ይበረታሉና ማታ ማታ ይሞክሯቸው።

ስለ ዝባድ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከጥርኝ የሚገኘው ጥሬ ዝባድ በዚህ አካባቢ ስለሚታወቅ በቀጥታ ገላ ላይ ለመቀባት የሚሞክር አይጠፋም። አይሞክሩ። ዝባድ መዓዛ የሚሆነው እጅግ በጥቂቱ ተቀጥኖ ከሌላ ጋር ሲዋሐድ ነው። ጥሬው የሚከረፋ ነው፣ ከልብስም በቀላሉ አይለቅም።

## ደረጃ 3፦ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይረዱ

የዋጋውንና የቆይታውን ልዩነት በአብዛኛው የሚወስነው በአልኮሉ ውስጥ ያለው የመዓዛ ዘይት መጠን ነው። መጠኑ ከአምራች አምራች ቢለያይም በግምት እንዲህ ነው፦

- ኦ ደ ኮሎኝ፦ ከ2 እስከ 5 በመቶ
- ኦ ደ ትዋሌት፦ ከ5 እስከ 15 በመቶ
- ኦ ደ ፓርፋም፦ ከ15 እስከ 20 በመቶ
- ፓርፋም፦ ከ20 እስከ 30 በመቶ

ቦዲ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ዒጥር የሚሉት የዘይት ሽቶ አልኮል የለበትም። በአየር ብዙ አይሰራጭም፣ ገላ ላይ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ከጠርሙሱ በጠብታ ስለሚወሰድም ቁጠባ አለው። የአልኮል ሽታ ራስ ምታት ለሚቀሰቅስባቸው ሰዎች በመጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው።

መጠኑንም ከመክፈልዎ በፊት ያስሉ። የተለመደ መርጫ በአንድ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይረጫል። ባለ 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 300 ርጭት ይሰጣል ማለት ነው፤ በቀን 4 ጊዜ ለሚረጭ ሰው 75 ቀን ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዙትን ሽቶ በ100 ሚሊ ሊትር አይግዙ።

## ደረጃ 4፦ ሱቅ ይሂዱ፣ ግን አይግዙ

1. በጠዋት ይሂዱ፤ አፍንጫዎም ገና በሌላ ሽታ አልደከመም፣ ባለሱቁም ጊዜ አለው። ሐሙስን ግን ይተዉት። በገበያ ቀን ሂርማታ ገበያ አካባቢ ከግርግሩና ከቅመሙ ሽታ ጋር መታገል ይሆንብዎታል።
2. ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ በወረቀት ብቻ ይሞክሩ። ከአራት ወይም ከአምስት አይለፉ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሽቶውን ስም ይጻፉ።
3. ወረቀቱ ላይ ከረጩ በኋላ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ወዲያው የሚያሸትቱት አልኮሉን ነው።
4. ወረቀቶቹን ይዘው ከሱቁ ይውጡ። ሰፈሩን ዞር ዞር ብለው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ያሽትቱ።
5. አሁንም የሚስቡዎትን ሁለት ብቻ ያስቀሩ። ተመልሰው አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ የእጅ አንጓ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያስረጩ። ገንዘብ ሳይከፍሉ ወደ ቤት ይሂዱ።

አፍንጫዎ ደንዝዞ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሸተተዎት፦ አንዳንድ ባለሱቆች የቡና ፍሬ አሽትቱ ይላሉ። በቡና አገር ይህን ምክር መንቀፍ ቢከብድም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የቡና ፍሬ ማሽተት ተራ አየር ከመሳብ ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል። ቡናው ሌላ ተጨማሪ ሽታ ብቻ ነው። ወደ ውጭ ይውጡ፣ ወይም ምንም ያልተቀባውን የክርንዎን ማጠፊያ ያሽትቱ። ከዚህም በኋላ ካልተለየዎት ለዚያ ቀን ያቁሙ።

ለሙከራ የተከፈተ ጠርሙስ ከሌለ፦ በክዳኑ ሽታ ወይም በሥዕሉ አይወስኑ። ያንኑ ሽቶ የሚጠቀም ዘመድ ወይም ጓደኛ ይፈልጉና በንጹህ ጥጥ ላይ ሁለት ሦስት ርጭት ይለምኑ። ጥጡን በትንሽ ብልቃጥ ከድነው ይያዙ። በሚሊ ሊትር ቀድቶ የሚሸጥ ሱቅ ካገኙ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሊትር ይግዙ፤ ለሳምንት ሙከራ ይበቃል።

«የቀረው ይህ ብቻ ነው» ከተባሉ፦ አመስግነው ይውጡ። ያልሞከሩት ሽቶ ቢያልቅ ያጡት ነገር የለም።

## ደረጃ 5፦ ሙሉ ቀን አብረውት ይዋሉ

ሱቅ ውስጥ ያደረጉት ርጭት የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው። ዋናው ፈተና ይህ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሽቶ የተለየ ቀን ይስጡት።

መጀመሪያ ቆዳዎን ይፈትሹ። ማታ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ይቀቡና እስከ 48 ሰዓት ይከታተሉ። ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካበጠ ያ ሽቶ ለእርስዎ አይሆንም፤ ወደ ሌላው ይለፉ። ተላጭተው ወይም ፀጉር አንስተው ከሆነ በዚያ ቦታ ላይ በዚያን ቀን አይቀቡ።

ከዚያ እንዲህ ይቀጥሉ፦ ጠዋት ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለውን ሎሽን ይቀቡ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው አንገትና አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ይርጩ። ሁለቱን አንጓዎች እርስ በርስ አያፋትጉ፤ መፈተግ ቆዳውን አሙቆ የመጀመሪያውን መዓዛ ቶሎ ያተነዋል። ራሱ ይድረቅ።

ከረጩ በኋላ በአራት የተለያዩ ጊዜያት ያሽትቱና አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፦

- ከ5 ደቂቃ በኋላ፦ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሎሚው፣ ቅጠሉ። በዚህ አይፍረዱ።
- ከ30 ደቂቃ በኋላ፦ መካከለኛው ክፍል ይገለጣል፤ አበባው፣ ቅመሙ። እዚህ ላይ ካስጠላዎ ይታጠቡት።
- ከ3 ሰዓት በኋላ፦ የታችኛው ክፍል መታየት ይጀምራል፤ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ቫኒላው።
- ከ7 ሰዓት በኋላ፦ ምን ቀረ? ምንም ካልቀረ ቆይታው አጭር ነው። የቀረው ደስ የሚል ከሆነ ግን ሽቶዎን አግኝተዋል።

ቀኑን በተለመደ ሁኔታ ያሳልፉ። በእግር ይሂዱ፣ ባጃጅ ላይ ከሰው ጋር ይቀመጡ፣ ሥራ ቦታ ይዋሉ። በተዘጋ ባጃጅ ውስጥ ራስዎን ካፈነዎት ሌላውንም ያፍነዋል። ከሰዓት ሲሞቅ ይበረታል ወይስ ይስተካከላል? በማግስቱ ወይም በዝናብ ቀን ይድገሙት፤ በብርድ መዓዛው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ በሙቀት ይወጣል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ አይበቃም።

ቡና በሚፈላበት፣ እጣን በሚጨስበት ሰዓት የሚጻፍ ማስታወሻ ግን አይታመንም። ቡናው ካለቀ በኋላ ወጥተው ነፋስ ይቀበሉና ያሽትቱ።

የሌላ ሰው አፍንጫም ያስፈልጋል። ለማሞገስ የማይቸኩል ሰው ይምረጡ። እህትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው ይሰማቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ ርቀት አልፎ ክፍሉን የሚሞላ ከሆነ ርጭቱን ይቀንሱ።

## ደረጃ 6፦ ሲገዙ ሐሰተኛውን ይለዩ

ከታች ካሉት አንዱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንድ ላይ ይዩዋቸው።

1. የካርቶኑ ሥር ያለውን የምርት ኮድ ከጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። የዋጋ ማንበቢያው ባለመስመር ኮድ ግን በቀላሉ ስለሚገለበጥ ማስረጃ አይሆንም።
2. የጽሑፉን ፊደላት አንድ በአንድ ያንብቡ። የተሳሳተ ፊደል ካለ ይተዉት።
3. ፈሳሹ ደለል ወይም ብናኝ እንዳይኖርበት ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ።
4. ክዳኑ ሳይላላ፣ ሳይንገዳገድ መግጠም አለበት።
5. መጨረሻ ላይ፣ ከሞከሩት ጋር አንድ መሆኑን በአንድ ርጭት ያረጋግጡ። ታሽጎ ከሆነ፣ ከከፈሉ በኋላ እዚያው ባለሱቁ ፊት እንዲከፈት አስቀድመው ይስማሙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

ዋጋው ከሌሎች ሱቆች በእጅጉ ካነሰ ጥርጣሬዎን ይመኑ።

## ደረጃ 7፦ የገላ ቅባቱን ከሽቶው ጋር ያስማሙ

ሽቶውን ከያዙ በኋላ ሳሙናውንና ሎሽኑን የሚመርጡት እሱን እንዲከተሉ ነው። ሁለት ጠንካራ መዓዛዎች አይስማሙም፤ አንዱ ይንገሥ፣ ሌሎቹ ዝም ይበሉ። ቀላሉ መንገድ ሽታ የሌለውን ሎሽን መቀጠል ነው። መዓዛ ያለው ሎሽን ከፈለጉ ከሽቶው የታችኛ ክፍል ጋር የሚዛመድ ይሁን፤ ቫኒላ ላለው ቫኒላ፣ ሰንደል ላለው ሰንደል።

የየዕለቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ይታጠቡ፣ በፎጣ ይጥረጉ፣ ግን ቆዳዎ ትንሽ እርጥበት ይኑረው።
2. ወዲያው ሎሽን ይቀቡ። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ ቶሎ ይተናል።
3. ሎሽኑ እስኪመጠጥ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።
4. ብብትዎን ሙሉ በሙሉ አድርቀው ዲኦዶራንት ይቀቡ። አሉሚኒየም ያለበትና ላብ የሚቀንሰው ዓይነት ከሆነ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ቢቀቡት የበለጠ ይሠራል።
5. ሽቶውን ገላ ላይ ይርጩ። ብብት ላይ አይርጩ።
6. ሲደርቅ ይልበሱ።

ሦስት አደጋዎችን ይጠንቀቁ። አብዛኛው ሽቶ አልኮል አለበት፤ ከከሰል ምድጃ፣ ከጋዝ ምድጃ ወይም ከበራ ሻማ አጠገብ አይርጩ፣ ቡና እየፈላ ባለበት ክፍልም ቢሆን። ሎሚና ቤርጋሞት (የሎሚ ዘር የሆነ ፍሬ) ያለበትን ሽቶ ወይም ዘይት ፀሐይ በሚመታው ቆዳ ላይ አይቀቡ፤ በውስጣቸው ያለ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አቃጥሎ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊያስቀር ይችላል። ልብስ በእጣንና በሰንደል ማጠን ለሚወዱ ደግሞ፦ መስኮት ክፍት ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጢስ ይገድላል።

ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ላይ ሽቶ አይርጩ። በተለይ የዘይት ሽቶ የሚተወው ቢጫ ነጠብጣብ አይለቅም።

ቦታውንም ይለዩ። ሆስፒታል ታማሚ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ የአስም ሕመም ያለበት ሰው ካለበት ቤት ሲገቡና ለቅሶ ሲደርሱ ሽቶ አይቀቡ። ለቢሮና ለመማሪያ ክፍል ሁለት ርጭት ይበቃል።

## ሲበላሽብዎት

በጣም በዛብኝ፦ በውሃ ብቻ አይለቅም። ጥጥ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አድርገው ቦታውን ይጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ።

እኔ አልሰማውም፣ ሌላው ግን ይሰማዋል፦ አፍንጫዎ ለምዶታል፤ ርጭት አይጨምሩ። ለሁለት ሦስት ቀን ያቁሙት፣ ወይም ከሌላ ጋር ያፈራርቁ። ሳምንት ሙሉ ያለማቋረጥ የሚቀቡ ሰዎች መጠኑን እያሳደጉ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ቶሎ ይጠፋል፦ ከመርጨትዎ በፊት ነጥብ የምታህል ቫዝሊን አንጓዎ ላይ ይቀቡ። ካልረዳ የሚረጩበትን ቦታ ወደ ደረት ይለውጡ፤ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ መዓዛውን ያቆየዋል።

ቆዳዬ አሳከከኝ፦ በብዙ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠቡ፣ አይቧጥጡ፣ ሽቶውን ያቁሙ። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያው ጤና ተቋም ይሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ያጥቡት።

ከገዛሁት በኋላ ጠላሁት፦ ለአንድ ወር ያስቀምጡትና በሌላ ወቅት ይሞክሩት። በነሐሴ ዝናብ የከበደ መዓዛ በጥር ደረቅ አየር ሊቀልል ይችላል። ያን ጊዜም ካልተስማማዎ ለሚወደው ሰው ይስጡት።

ቀለሙ ጠቆረ፣ መጀመሪያ ሲረጩት ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ አለው፦ ተበላሽቷል። ገላ ላይ መጠቀም ያቁሙ። ለሚቀጥለው ጠርሙስ የመስኮት አጠገብና መታጠቢያ ቤት ቦታ አይሁኑ፤ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቁም ሳጥን ያኑሩት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። የሎሽኑ ዕቃ ላይ ያለውን የተከፈተ ቆርቆሮ ሥዕልና በውስጡ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። 12 ከሆነ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር፣ 24 ከሆነ 24 ወር ይቆያል ማለት ነው። የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ እዚያው ዕቃው ላይ ይጻፉ።